ከተጎዳ እንጨት የጥጥ ደጋን ስለ መሥራት

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ለሚገኙ የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ የእጅ ሥራ ትምህርት

ደጋን ማለት የሚለመጥ እንጨት ጐብጦ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ጅማት የተወጠረበት መሣሪያ ነው። በዚህ ስም ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንደኛው ፍላጻ የሚወረወርበት የአደንና የጦር ደጋን ነው። ሁለተኛው ጥጥ የሚነደፍበት የቤት ደጋን ነው። የጦሩ ደጋን ጠመንጃ በበዛበት አገር ከእጅ ወጥቷል፤ የጥጡ ደጋን ግን ጥጥ በእጃቸው በሚነድፉ እናቶች ቤት ዛሬም ሥራ አልፈታም። ይህ ትምህርት ስለ ሁለተኛው ነው።

ደግሞም የምንናገረው ስለ ማናቸውም እንጨት አይደለም። ነፋስ ስለ ሰበረው ቅርንጫፍ፥ ስለ ተሰበረ ሞፈር፥ ከፈረሰ ቤት ስለ ወጣ ማገር ነው። እንዲህ ያለውን እንጨት ብዙ ሰው ሳይመረምር ወደ እሳት ይጥለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይመረምር ለሥራ ያነሣዋል። ሁለቱም ያጠፋሉ፤ የፊተኛው ደህናውን እንጨት ያቃጥላል፥ የኋለኛው በእጁ የሚሰበር መሣሪያ ይሠራል። መምህሩ ለልጆች ሊያስተምር የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር፥ ይኸውም ምርመራን ነው።

1ኛ፤ የደጋን ሥራ ምን እንደ ሆነ

ጥጥ ከማሳ ሲመጣ ፍሬው በውስጡ ነው። መጀመሪያ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና በብረት መዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል። የተዳመጠው ጥጥ ግን ገና የተጣበቀና የተቋጠረ ስለ ሆነ ለመፈተል አይመችም። ያን ጊዜ የደጋኑ ጅማት ወደ ጥጡ ተጠግቶ ይሳብና ይለቀቃል። ጅማቱ ሲርገበገብ ጥጡን በታትኖ ያነሣዋል፤ ጉድፉና የፍሬው ስብርባሪም ወደ ታች ይወድቃል። ለስልሶ የቀረው ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎው በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ከልቃቂቱም ሸማኔው ድርና ማግ አድርጎ ነጠላውን፥ ጋቢውን፥ ቡልኮውን ይሠራል። እንግዲህ ከጉና ተራራ የሚወርደውን ብርድ በጋቢው የሚከላከል ሰው የደጋን ባለ ዕዳ ነው። ድጓ ለመመስከር ከሩቅ አገር ወደ ቤተ ልሔም የሚመጣውም ተማሪ እንዲሁ ነው።

ይህ ብልሃት የኛ ብቻ አይደለም። በህንድና በቻይና ጥጥ ነዳፊዎች በትልልቅ ደጋን ሲሠሩ ኖረዋል። በአውሮፓም ባርኔጣ ሠሪዎች የእንስሳ ጠጕር በደጋን ይነድፉ ነበር። በአገራችን የመሲንቆው መምቻ የደጋን ዘመድ ነው፤ እርሱም በጎበጠ እንጨት ላይ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ነውና።

2ኛ፤ ስለ ምን የተጎዳ እንጨት እንመርጣለን

ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። አንድ ለጋ ወይራ ለአንድ ደጋን ተብሎ ከሥሩ ቢቆረጥ፥ ደጋኑ ባረጀ ጊዜ እንኳ ሌላ ወይራ በስፍራው አድጎ አይገኝም። በደቡብ ጎንደር ደጋ የቀድሞው የአገር ዛፍ ዛሬ ይልቁንም የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉትን ደኖች መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል፤ የምርመራቸውም መጽሐፍ በፈረንጆች ቍጥር በ2007 ወጥቷል። ይህን ያህል ዓይነት በጥቂት ቅጥር ተጠብቆ መኖሩ ለጠበቁት አባቶች ምስጋና፥ ለኛ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ተብሎ ሕያው ዛፍ አይቆረጥ። ከቤተ ክርስቲያን ደን የወደቀ እንጨትም ቢሆን ያለ ደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ አይነሣ።

ያረጀ እንጨት ሁሉ ደካማ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የቤተ ልሔምን ቤተ ክርስቲያን ይመልከት። የውስጠኛው ሕንጻ በአክሱም አሠራር በድንጋይና በእንጨት ተራ በተራ የተገነባ ሲሆን፥ በኋላ ዘመን በላዩ ክብ ጣሪያ ተሠርቶለት ከዝናብ ተሸሽጎ ኖረ። በፈረንጆች ቍጥር በ1959 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል እንግሊዛዊ ስለዚህ ሕንጻ በመጽሐፉ ጽፎ ለውጭ አገር ሰዎች አስታውቋል። እንጨቱ እስከዚህ ዘመን የጸናው ከእርጥበት ስለ ተጠበቀ ነው። እንጨትን የሚያጠፋው የዕድሜው ብዛት ሳይሆን እርጥበት፥ ነቀዝ፥ ምስጥና ከኃይሉ በላይ የሆነ ሸክም ነው።

3ኛ፤ የእንጨት ክር

እንጨት እንደ ድንጋይ በሁሉ ወገን አንድ ዓይነት አይደለም። ከሥሩ ወደ ጫፉ የተዘረጉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ተያይዘው የቆሙበት ነው። በመጥረቢያ ስንፈልጠው በርዝመቱ በቀላሉ የሚከፈለው፥ በአግድም ስንቆርጠው ግን የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ የእንጨት ኃይል ክሮቹ ሳይቆረጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ መያያዛቸው ነው።

መምህሩ ይህን በዓይን ያሳይ። እርጥብ ቅርንጫፍ ይያዝና ቀስ እያለ ያጕብጠው። በውጭ በኩል ያለው ልጥ ተስቦ ይቀደዳል፤ በውስጥ በኩል ያለው ይጨማደዳል። ደጋንም ሲገተር እንዲሁ ይሆናል። በውጭ ያለውን ወገን ጀርባ፥ ወደ ጅማቱ የሚያየውን ወገን ሆድ እንለዋለን። ጀርባው ይሳባል፥ ሆዱ ይጨመቃል። በጀርባው ላይ ክር የቆረጠ ትንሽ ጉዳት ቢኖር ደጋኑ በተገተረ ቍጥር ይከፈታል፥ በመጨረሻም ይሰበራል። ያው ጉዳት በሆዱ ላይ ቢሆን ግን ሲገተር ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። ስለዚህ የተጎዳ እንጨት ስናገኝ ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። ጉዳቱ ክሩን ቆርጧልን? የቆረጠውስ በየት በኩል ነው?

ሦስተኛ ጥያቄም አለ፤ ይኸውም ሥራው ምን ያህል ኃይል ይጠይቃል የሚለው ነው። ፍላጻ የሚወረውር ደጋን እስከ ኃይሉ ዳርቻ ይጎብጣል። የጥጥ ደጋን ግን ጥቂት ብቻ ጐብጦ ጅማቱን ወጥሮ ይይዛል። ስለዚህ ለጦር ደጋን የማይበቃ እንጨት ለጥጥ ደጋን ሊበቃ ይችላል። ጉዳት ያለበትን እንጨት ከሥራው ጋር ማመዛዘን የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ነው።

4ኛ፤ የጉዳት ዓይነቶችና ፍርዳቸው

በርዝመት የሄደ ስንጥቅ። ክሩን አልቆረጠም፥ ከጎረቤቱ ለየው እንጂ። አጭር ከሆነና በመጨበጫው አጠገብ ካለ ታስሮ ያገለግላል። እስከ ጫፍ የሚደርስ ከሆነ እንጨቱ በስንጥቁ ይፈለጥና ከሁለቱ ደህናው ይወሰዳል።

በአግድም የሄደ ቅጭት። ይህ ክሩን የቆረጠ ነው። በጀርባ በኩል ካለ እንጨቱ ለደጋን አይሆንም። ከባድ ሸክም የተሸከመ እንጨት እንደ ጠጕር የቀጠነ አግድም ቅጭት ይኖረዋል፤ በዓይንም አይታይም። እርሱን ለማግኘት ጥላሸት በውኃ በጥብጦ ወይም የጽሕፈት ቀለም ወስዶ እንጨቱን መቀባት፥ ወዲያውም በጨርቅ መጥረግ ነው። ቅጭት ካለ ቀለሙ ገብቶ ጥቁር መሥመር ሆኖ ይቀራል።

ጕጥ። ቅርንጫፍ የወጣበት ስፍራ ነው። ክሩ በጕጡ ዙሪያ ዞሮ ስለሚያልፍ፥ ጕጡን ከጀርባው ጋር እኩል አድርጎ የሚጠርብ ሰው የዞረውን ክር ይቆርጣል። በዙሪያው ጥቂት ወፍራም ሆኖ ይተው። መልኩ ባያምርም ኃይሉ ይጠበቃል።

የነቀዘ እንጨት። ቀዳዳው አንድ ወይም ሁለት ከሆነ በእሾኽ ጥልቀቱ ይለካ። በሆድ በኩል የቆመ ከሆነ እንጨቱ ይሠራበታል። ሲመታ ዱቄት የሚያፈስ፥ ድምፁም የታፈነ ከሆነ ግን ይተው።

የበሰበሰ እንጨት። ከመጠኑ ይልቅ ቀላል ነው፥ በጥፍር ሲጫኑት ይሰምጣል፥ ሲሰበርም ስንጣሪ ሳያወጣ በአጭሩ ቀጭ ይላል። ይህ ፈጽሞ አይሆንም፤ ለማሰርም ለማዳንም አይደከምበት።

እሳት የነካው እንጨት። የጠቆረው ተፍቆ ደህናው መልክ እስኪወጣ ይታይ። እሳቱ ላዩን ብቻ ከነካው ይጠቅማል፤ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ይሰበራል።

የተጣመመ እንጨት። መጣመም ጉዳት አይባልም። ዱላ በእሳት ወላፈንና በቅባት እንደሚቀና፥ ይህም በእንፋሎት ወይም በትኩስ አመድ ሞቆ ቀስ ተብሎ ይቀናል፤ እስኪቀዘቅዝም ታስሮ ይቆያል።

5ኛ፤ ሥራው በተራ

ለምሳሌ ያህል ነፋስ የገነጠለው የወይራ ቅርንጫፍ እንውሰድ። ርዝመቱ ከ2 ክንድ ጥቂት ያልፋል። ከግንዱ ሲገነጠል አንዱ ጎኑ ተቀዶ ጐድጕዷል። ሌላው ጎኑ ከነልጡ ደህና ነው። በመካከሉም አንድ ጕጥ አለው። ይህን የሚያይ ሰው ማገዶ ነው ይላል። እኛ ግን እንመርምረው። የተቀደደው ጎን ሆድ፥ ደህናው ጎን ጀርባ ቢሆን ምን ይጎድለዋል? ደጋን ሲጠረብ የሚቀነሰው ሁልጊዜ ከሆዱ ነውና፥ ነፋሱ የቀደደው እኛ ልንጠርበው የነበረውን ነው።

ሀ) ማድረቅ። ሁለቱ ጫፎች በጭቃ ወይም በሞራ ይቀቡ፤ ጫፍ ከመካከል ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ከዚያ በጥላ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ፥ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይቀመጥ። ለፀሐይ አይሰጥ። ልጆች በየሳምንቱ በሚዛን እየመዘኑ ይጻፉት። ክብደቱ መቀነሱን ሲተው ደርቋል ማለት ነው። ይህም ለሒሳብ ትምህርት ጭምር ይረዳል።

ለ) ጀርባውን መግለጥ። ልጡ ብቻ በጥንቃቄ ይላጥ። ከልጡ በታች ያለው እንጨት በቢላዋ አይነካ። በዚህ ስፍራ የሚደርስ አንድ የቢላዋ ጭረት የጤናውን እንጨት የተጎዳ ያደርገዋል።

ሐ) መጥረብ። የእንጨቱ መካከል በ1 ስንዝር ያህል ወፍራም ሆኖ ለመጨበጫ ይተው። ጕጡ በዚህ ስፍራ ቢውል መልካም ነው፤ መካከሉ ብዙ አይጎብጥምና። ከመጨበጫው ወደ ሁለቱ ጫፍ ያሉት ክንፎች ቀስ በቀስ ይቅጠኑ፤ ጫፉ የመጨበጫው ግማሽ ያህል ይሁን። ሲጠረብ ከመጨበጫው ወደ ጫፉ እንጂ ከጫፉ ወደ መጨበጫው አይሁን፤ መጥረቢያው ክሩን ተከትሎ ወደ ውስጥ እንዳይሰነጥቅ ነው። መጥረቢያ ለመጀመሪያው ቅርጽ ብቻ ነው፤ የቀረው በቢላዋና በሞረድ ይፋቅ።

መ) ማለማመድ። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በሁለቱ ጫፎች ላላ ያለ ገመድ ይታሰርና መካከሉ ይያዛል፤ ገመዱም ጥቂት ብቻ ይሳባል። መምህሩ አስቀድሞ በግድግዳ ላይ በከሰል የቀስተ ደመና ዓይነት መሥመር ይሣል። ልጆች ደጋኑን ከመሥመሩ ጋር አስተያይተው የትኛው ስፍራ እንዳልጎበጠ ይናገሩ። ያልጎበጠው ስፍራ ከሆዱ በኩል ጥቂት ይፋቃል፤ ከመጠን ያለፈ የጎበጠው ስፍራ አይነካም። ጥቂት ከተፋቀ በኋላ 20 ጊዜ ያህል በዝግታ ይሳብና እንደ ገና ይታይ። የተፋቀ እንጨት አይመለስምና መቸኰል የለም።

በዚህ ጊዜ ማንም ልጅ ፊቱን በደጋኑ ላይ አያጎንብስ። እንጨቱ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ይለቀቅና እንደ ገና በጥላሸት ይመርመር። ዓይን ከደጋን ይበልጣል።

በፈረንጆች ቍጥር በ1991 በአውሮፓ በአልፕስ ተራራ በበረዶ ውስጥ የሞተ ሰው ሬሳ ተገኘ። የሞተው ከ5300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከእርሱ ጋር 1 ሜትር ከ82 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሥራው ያላለቀ ደጋን ነበረ፤ በላዩም የመሣሪያው ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። ጥቂት በጥቂት መፋቅ የጥንትም ሥርዓት እንደ ነበረ ይህ ያስረዳል።

ሠ) ስንጥቅ ካለ ማሰር። ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተርና የታሰረውን ያጠብቃል። በርዝመት የሄደውም አጭር ስንጥቅ እንዲሁ ይታሰራል። ቀጭን የበሬ ጅማት ወይም የቆዳ ክር በውኃ ይረስና ሳይደራረብ ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠማል፤ በጥላም ይደርቃል። ማሰሪያ ግን የተለየውን ክር ያቀራርባል እንጂ የተቆረጠውን ክር አይቀጥልም። ስለዚህ በጀርባ ላይ ያለውን አግድም ቅጭት በማሰሪያ ሸፍኖ ለሰው መስጠት ማታለል ነው።

ረ) ጅማቱን መወጠር። በሁለቱ ጫፍ ጎንና ጎን ትንሽ ቍርጥ ይደረጋል፤ በጀርባው ላይ ግን አይሻገር። ከበሬ ጅማት ወይም ከበግ አንጀት የተገመደ፥ ይህ ከጠፋም በሰም የታሸ ጠንካራ ክር ይወጠራል። ሲነኩት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በቅቷል። ደጋኑም በንብ ሰም ይታሽ፤ እርጥበትን ይከላከላልና። ሥራ ባበቃ ጊዜ ጅማቱ ከአንድ ጫፍ ይላላ፤ ሁልጊዜ የተገተረ እንጨት ጐብጦ ይቀራል።

ሰ) መፈተን። የደጋኑ ዳኛ መምህሩ አይደለም፤ ጥጥ የምትነድፍ እናት ናት። አንዲት እናት ወደ ትምህርት ቤቱ ትጋበዝና በልጆች ፊት ትንደፍበት። ከበደኝ ወይም ጅማቱ አልጮኸልኝም ብትል ልጆች ምክንያቱን ፈልገው ያርሙት።

6ኛ፤ ለሽማግሌዎች የቀረበ ቃል

የተከበራችሁ አባቶች ሆይ፤ በዚህ ሥራ የናንተ ድርሻ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የዛፉን ጠባይ ለልጆች መንገር ነው። ወይራ ጽኑና ከባድ መሆኑን፥ ክትክታ ለእጀታ መዋሉን፥ ለንቋጣ በቀላሉ መለመጡን፥ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ መውደዱን ልጅ ከመጽሐፍ ይልቅ ከናንተ ቢሰማ ይረዳዋል።

ሁለተኛው የእጅ ሥራ የሚናቅበትን ልማድ መገሠጽ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛውን፥ ይኸውም ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን፥ በሥራው ስም እያወጣ የሚሰድበውን ሰው ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ጋቢውን እየለበሰ ሸማኔውን፥ በማረሻው እያረሰ ብረት ሠሪውን የሚያማ ሰው ገና አልጠፋም። ልጅ እንጨት ይዞ ሲፍቅ ያየው ሽማግሌ ምን ያዋርድሃል ቢለው የመምህሩ ድካም በአንድ ቃል ይፈርሳል። እስኪ አሳየኝ ቢለው ግን ልጁ በሥራው ይተጋል።

7ኛ፤ ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄና ሥራ

1. የጥጥን መንገድ ከማሳ እስከ ጋቢ በተራ ተናገር። ደጋን የሚገባው በየትኛው ስፍራ ነው?
2. በርዝመት የሄደ ስንጥቅና በአግድም የሄደ ቅጭት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ማሰሪያ የሚረዳው የትኛውን ነው?
3. የተጎዳው ጎን ሆድ፥ ደህናው ጎን ጀርባ የሚደረገው ስለ ምንድን ነው?
4. ከቤትህ ወይም ከመንደርህ ሦስት የተጣሉ እንጨቶች አምጣ። በጥፍር፥ በጆሮና በጥላሸት መርምረህ ለደጋን፥ ለእጀታና ለማገዶ የሚሆነውን ለይ፤ ምክንያትህንም ጻፍ።
5. አንዱ ተማሪ ይሆናል ያለውን እንጨት ሌላው አይሆንም ቢል ሁለቱም እንጨቱን ይዘው ምክንያታቸውን በክፍሉ ፊት ይናገሩ። መምህሩ ሁለቱን ሰምቶ ሳይጨርስ አይፍረድ።